የአዋቂውን ጨዋታ አይቶ መማር፦ ከኢንተርኔት ቼዝ የትኛው ይበጃል?

ቼዝ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ሙሉ ክረምት ማታ ማታ የታላላቅ ተጫዋቾችን የኢንተርኔት ጨዋታ በማየት አሳለፍኩ። ክረምቱ ሲወጣ ስለ ተጫዋቾቹ ጠባይ፣ ስለ ቀልዳቸውና ሲሸነፉ ስለሚሰጡት ሰበብ ብዙ አውቅ ነበር። ሬቲንጌ (የችሎታዬን ደረጃ የሚያሳየው ነጥብ) ግን ሰኔ ላይ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። በቀጣዩ ዓመት ከአንድ ተጫዋች 30 ጨዋታዎችን ብቻ መርጬ፣ ደብተር ይዤ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩባቸው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በሁለቱም ጊዜ ያየሁት ከእኔ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችን ስለሆነ ለውጡን ያመጣው የተጫዋቹ ታላቅነት አይደለም። ያየሁት የጨዋታ ዓይነትና እያየሁ የሠራሁት ሥራ ነው።

ዛሬ ለጀማሪ የቀረበለት ብዙ ነው፦ ቀጥታ ስርጭት፣ የተቀዳ ማብራሪያ፣ የውድድር ጨዋታ ከተንታኝ ጋር፣ በነጻ የሚወርድ የጨዋታ መዝገብ፣ ከሚበልጥ ሰው ጋር ራስ መጋጠም። ሁሉም «ከአዋቂ መማር» ይባላሉ፤ የሚያስተምሩት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ስም ከመጥራታችን በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ባለ 1 ደቂቃው ቡሌት 40 እርምጃ ቢሄድ ለአንዱ እርምጃ የሚደርሰው አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። ባለ 3 ደቂቃው ብሊትዝ አራት ሰከንድ ተኩል ይሰጣል። 15 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበት ራፒድ ግን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ያስገኛል። ግራንድማስተር፣ ማለትም ከፍተኛውን የቼዝ ማዕረግ የያዘ ተጫዋች፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል የሚጫወተው ከእጁ ልማድ ነው፤ ያ ልማድ በብዙ ዓመት የተከማቸ ስለሆነ በማየት ብቻ አይወረስም። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሚጫወተውን ግን አስቦ ነው የሚጫወተው፤ የታሰበን ነገር ደግሞ ተከታትሎ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ፣ የተሸነፈው ማን ነው የሚለው ነው። ሁላችንም ዓይናችንን የምንጥለው አሸናፊው ላይ ነው። ሁለት ግራንድማስተሮች ሲጋጠሙ ግን መታየት ከሚገባው አብዛኛው ሰሌዳው ላይ አይወጣም፤ አንዱ ያሰበውን ጥቃት ሌላው ከአምስት እርምጃ በፊት ዘግቶበታል። 1200 ሬቲንግ ያለው ተማሪ «ይህን ወታደር ለምን አልበላውም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የተቀበረው ማንም ባልተጫወተው መስመር ውስጥ ነው። ያው ግራንድማስተር ከባለ 1300 ጋር ሲቀመጥ የተቀበረው ይወጣል። ባለ 1300ው ወታደሩን ይበላል፤ ቅጣቱም በሦስት እርምጃ ውስጥ በዓይን ይታያል። ስለዚህ የአሸናፊው ደረጃ ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ የተሸናፊው ስህተት የእርስዎን ስህተት ካልመሰለ ትርፉ ትንሽ ነው።

ሌሎቹ ሦስቱ አጭር ናቸው። ተጫዋቹ ምክንያቱን ይናገራል ወይስ ዝም ብሎ ይጫወታል? እርስዎ እያዩ የሚሠሩት ሥራ አለ ወይስ ቡና እየጠጡ ነው? በመጨረሻም ወጪው፦ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ገንዘብና ጊዜ። ለአማርኛ አንባቢ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ማብራሪያው የሚሰጠው በምን ቋንቋና በምን ፍጥነት ነው? በችኮላ የሚነገር እንግሊዝኛ እየተከታተሉ ሰሌዳውንም ማንበብ ሁለት ሥራ ነው።

ቀጥታ ስርጭት

የአሜሪካን ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ ያሸነፈው ሂካሩ ናካሙራ ቡሌትና ብሊትዝ እየተጫወተ በቀጥታ ስርጭት መድረኩ በትዊች ላይ ሲያወራ ብዙ ሺህ ሰው ያየዋል። ማየቱ ያስደስታል። አፉ ከእጁ እኩል ይሮጣል፤ «ይህ እዚህ፣ ያ እዚያ፣ እበላለሁ፣ ይበላል» እያለ አሥር እርምጃ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል። ምክንያቱን የሚናገር ይመስላል፤ አብዛኛው ግን ውጤት ቆጠራ ነው፤ ወደዚያ የወሰደውን ሐሳብ ለማስረዳት ሰዓቱ አይፈቅድለትም።

ቡሌት ሳይ ትዝ የሚለኝ የጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የየራሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የሠለጠነ ዓይን ያለው ተመልካች ከዚያ ትርምስ ውስጥ ዕቅድ ያነብ ይሆናል፤ አዲስ ሰው ግን የሚያየው የእጆች ሽሚያ ነው።

ሌላም ችግር አለ። በኢንተርኔት የተጫወቱት ሁሉ ከልብ የተጫወቱት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በማግነስ ካርልሰን ኢንቪቴሽናል ውድድር የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ካርልሰንና ናካሙራ ሁለቱም ወደ ጥሎ ማለፉ መግባታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ተገናኙ። ካርልሰን በሁለተኛው እርምጃ ንጉሡን ኢ2 ወደተባለው ካሬ አወጣ፤ ናካሙራም የራሱን ወደ ኢ7። ንጉሦቻቸውን እያመላለሱ በ6 እርምጃ አቻ ተለያዩ። ቀልድ ነበር፤ ተንታኞቹም በሳቅ ፈነዱ። ንጉሥን በሁለተኛው እርምጃ ማውጣት ለጀማሪ ከሚነገሩት ክልከላዎች የመጀመሪያው ነው፤ ሆኖም ካርልሰን ተጫውቶታል ብለው የሚከተሉ ልጆች ገጥመውኛል። ቀጥታ ስርጭት የሚያይ ሰው ቀልዱን ከቁም ነገሩ የሚለይበት ወንፊት ያስፈልገዋል፤ ያን ወንፊት ያገኘ ሰው ደግሞ ጀማሪ አይደለም።

ከታች ተነስቶ የመውጣት ተከታታይ

እዚህ ጠንካራው ተጫዋች በአዲስ መለያ ከዝቅተኛ ሬቲንግ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ ይጫወታል። ኢንተርናሽናል ማስተሩ (ከግራንድማስተር ቀጥሎ ያለው ማዕረግ) ጆን ባርቶሎሚው በዚህ መንገድ ቀደም ካሉት አንዱ ነው። እሱን ያየ ሰው ሁሉ ይዞት የሚሄደው አንድ ነገር አለ፦ በሰሌዳው ላይ ጠባቂ የሌለው ጠጠር የቱ ነው ብሎ መጠየቅ። እንደ ተራ ነገር የሚሰማ ጥያቄ ነው፤ ከ1500 በታች የሚጠፉ ጨዋታዎችን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋቸው ይህንኑ አለመጠየቅ ነው።

ግራንድማስተር ዳንኤል ናሮዲትስኪ ይህን አቀራረብ ወደ ማስተማር ጥበብ ያደረሰው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በ29 ዓመቱ ቢያርፍም ቪዲዮዎቹ በዩቲዩብ አሉ፤ ዛሬም ለመካከለኛ ተማሪ ከእነሱ የተሻለ በነጻ የሚገኝ ነገር አላውቅም። ዋጋቸው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባለው ክፍል ነው። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ይመልሰዋል፤ ተጋጣሚው የት እንደተሳተ፣ ያን ስህተት እንዲሠራ ያደረገው ሐሳብ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ምን ቢጫወት ይሻለው እንደነበር ይዘረዝራል። ያሸነፈውን ሰው አይንቅም። ብዙዎች ቪዲዮውን የሚዘጉት «አሸነፈ» ሲባል ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በመመዘኛችን ሲታይ የተሸናፊው ደረጃ የእርስዎን ይመስላል፤ ምክንያቱም ይነገራል። ሰዓቱ እንደ ተከታታዩ ይለያያል፤ ራፒድ የሆኑትን ይምረጡ። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማብራሪያው ጥሩ ስለሆነ ተማሪው የገባው ይመስለዋል፤ ሲናገሩት መስማማትና ራስ ማግኘት የተለያዩ ናቸው። መድኃኒቱ ቪዲዮውን ማቆም ነው፤ ተጫዋቹ «እዚህ ምን እንጫወት?» ባለ ቁጥር ያቁሙት፣ መልስዎን ይጻፉ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። የሰላሳ ደቂቃው ቪዲዮ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ይፍጅ። ሁለተኛው ድክመት ዳታ ነው፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማቆየት ይረዳል።

በነገራችን ላይ ይህን ራስዎ አይሞክሩት። ያለ መድረኩ ፈቃድ ሁለተኛ መለያ ከፍቶ ደካሞችን መግጠም በብዙ መድረኮች ደንብ የተከለከለ ነው።

የውድድር ጨዋታ ከተንታኝ ጋር

የኢንተርኔት ውድድር በሁለት ይከፈላል። የቼዝ መጫወቻ መድረኩ ቼስ ዶት ኮም ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያዘጋጀው የባለማዕረጎች ውድድር ለብዙ ዓመታት የተካሄደው በ11 ዙር፣ በ3 ደቂቃና በየእርምጃው 1 ሰከንድ ጭማሪ ነው። እንደ ማግነስ ካርልሰን ኢንቪቴሽናል ያሉት ደግሞ 15 ደቂቃና 10 ሰከንድ ጭማሪ የነበራቸው ራፒዶች ናቸው። ለትምህርት ሁለተኛው ይሻላል፤ ተንታኞቹም ለማስረዳት ጊዜ ያገኛሉ።

ነገር ግን ሁለቱም ወገን ጠንካራ ስለሆነ ቀደም ብዬ ያልኩት ይደርሳል፤ ትምህርቱ ባልተጫወተው መስመር ውስጥ ይቀበራል። ከ1800 በላይ ላለ ሰው መልካም ነው፤ በተለይ የሚጫወተውን መክፈቻ (የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች አካሄድ) ዛሬ ታላላቆቹ እንዴት እንደሚይዙት ለማየት። ከዚያ በታች ላለ ሰው መዝናኛ ነው።

ጥሬው መዝገብ

ይህኛውን ብዙ ሰው አይሞክረውም። ቪዲዮ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ያለው የእርምጃ ዝርዝር ብቻ ነው። እኔን ከነበርኩበት ያነቃነቀኝ ግን ይህ ነው።

ሊቼስ እ.ኤ.አ. በ2010 በቲቦ ዱፕሌሲ የተጀመረ፣ ማስታወቂያ የሌለበት ነጻ መድረክ ነው። እዚያ የማንኛውንም ተጫዋች ጨዋታ ማየትና ማውረድ ይቻላል። የአንድ ጨዋታ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ 30 ጨዋታ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ይይዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሊቼስ የሁሉንም ተጫዋቾች ጨዋታ በየወሩ ጠቅልሎ የሚያወጣበት ሌላ ገጽ አለ። እሱ ለተመራማሪ ነው፤ የአንዱ ወር ጥቅል በጊጋባይት ስለሚቆጠር በሞባይል ዳታ እንዳይነኩት። እርስዎ የሚፈልጉት በተጫዋቹ ገጽ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ማንን እንምረጥ? የመጀመሪያው ፈተና ዝናን መከተል ነው። ካርልሰን በሊቼስ ዶክተር ኒክተርስታይን በሚል ስም ተጫውቷል፤ መዝገቡን ማንም ሊከፍተው ይችላል። ነገር ግን ቡሌትና ብሊትዝ የበዛበት፣ ቀልድም ያልራቀው መዝገብ ነው። ይልቅ ስሙ ያልገነነ፣ ራፒድ አዘውትሮ የሚጫወት ባለማዕረግ ይፈልጉ። ከስሙ ፊት የሚታየው ማዕረግ የተረጋገጠ ነው፤ ለፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) ማስተር 2300፣ ለኢንተርናሽናል ማስተር 2400፣ ለግራንድማስተር 2500 የፊዴ ሬቲንግ ያስፈልጋል፤ ለኋለኞቹ ሁለቱ የውድድር ውጤት መስፈርትም ይጨመራል። ማዕረግ የሌለው ከፍተኛ ሬቲንግ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ በኮምፒውተር የታገዘም ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር የታገዘን ሰው አጥንቶ የሰውን አስተሳሰብ መማር አይቻልም።

ከዚያ ያጣሩ። እርስዎ የሚጫወቱትን መክፈቻ፣ ተጋጣሚው ቢያንስ 300 ነጥብ ዝቅ ያለበትን፣ ከ20 እስከ 45 እርምጃ የሄደውን ይውሰዱ። የሊቼስ የመክፈቻ ማሰሻ የተጫዋቹን ስም ሲሰጡት የእሱን ጨዋታዎች ብቻ እንደ ዛፍ ዘርግቶ ያሳያል።

ተመሳሳይ መክፈቻ መደራረብ ለምን ይጠቅማል? የንግሥት ጋምቢት የተባለውን መክፈቻ የመለዋወጫ መስመር እንውሰድ። ነጩ ወታደሩን ወደ ቢ4፣ ከዚያ ወደ ቢ5 ይገፋል። በአንድ ጨዋታ ሲያዩት ሥራ የፈታ ሰው ግፊት ይመስላል። በአሥር ጨዋታ ሲያዩት ግን ቢ5 ሁልጊዜ የጥቁሩን ሲ6 እንደሚነካ፣ ከመበላላቱ በኋላ ሲ6 ላይ ደካማ ወታደር እንደሚቀር፣ የነጩ ግንቦችም ሲ መስመር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁት ይገባዎታል። ይህን ማንም ሳይነግርዎ ራስዎ ደርሰውበታል፤ አይረሱትም።

አሠራሩ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 8 እርምጃዎች ዝም ብለው ይለፉ። ከዚያ የአሸናፊውን እርምጃ ሸፍነው ይገምቱ፣ ግምትዎን ከነምክንያቱ በደብተር ይጻፉ፣ ከዚያ ይግለጡ። ልዩነት ሲኖር ሦስት ዓይነት ነው፦ የእሱን እርምጃ ጭራሽ አላዩትም፤ አይተው ጥለውታል፤ ወይም የእርስዎም ያው ጥሩ ነው። ከሦስቱ ወርቁ መካከለኛው ነው። ያላዩትን በልምምድ ያዩታል፤ አይተው የጣሉት ግን በውስጥዎ ያለ የተሳሳተ ፍርድ ነው። በእኔ ደብተር ሃያ ሦስት ጊዜ «ንግሥቴን ስለማጣት ፈርቼ» የሚል ተጽፏል። ይህን ቪዲዮ አይነግረኝም ነበር።

የኢንተርኔት ጨዋታ መጽሐፍ ላይ ከታተመው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ከየእርምጃው ጎን የቀረው ሰዓት ተመዝግቧል። በ10 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ አራት አራት ሰከንድ ሲያወጣ የቆየ ሰው ድንገት አንዱ ላይ ሃምሳ ሰከንድ ቢቆይ፣ አዋቂው ራሱ «እዚህ ቁም» ብሎ ጠቆመዎ ማለት ነው። እርስዎ በዚያው ቦታ ላይ ስንት ሰከንድ ቆመው ነበር? እኔ ብዙውን ጊዜ እሱ በቆመበት እሮጣለሁ፣ እሱ በሮጠበት እቆማለሁ። በተቃራኒው ሁለቱም ከ20 ሰከንድ በታች ሲቀራቸው ማጥናትዎን ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰዓት ግብግብ ነው።

ስቶክፊሽን፣ ጨዋታ የሚተነትነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የሚያበሩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሊቼስ ላይ ትንተናው በነጻ ነው፤ በቼስ ዶት ኮም ያልከፈለ ሰው የሚያገኘው የጨዋታ ግምገማ የተወሰነ ነው። ፕሮግራሙ ነጩ በአንድ ወታደር ተኩል ይበልጣል ይላል፤ ለምን እንደሚበልጥ ግን አይናገርም። ቀድሞ የበራ ስቶክፊሽ ደብተሩን ይዘጋዋል። ኮምፒውተር ላለው ሰው ሉካስ ቼስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የታላላቆችን እርምጃ የሚያስገምት ልምምድ አለው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ድክመቱን አልደብቅም። አሰልቺ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች። ምክንያቱን የሚነግር የለም፤ ከ1000 በታች ላለ ሰው ግምቱ ከዕጣ አይለይም። በሌላ በኩል ሰሌዳው አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ እንግሊዝኛ የማይከታተል ሰው ከማንም እኩል የሚማርበት ይህ ብቻ ነው።

ከሚበልጥዎ ጋር መጋጠም

ከክለብዎ ወይም ከዘመድ አዝማድ በ300 ነጥብ የሚበልጥዎ ሰው ካለ፣ በኢንተርኔት 15 ደቂቃ ተጫውታችሁ በስልክ አብራችሁ ብታዩት ከሁሉም ይበልጣል። ተሸናፊው እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ሁለተኛው መመዘኛ ሙሉ በሙሉ ተሟላ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ቢሆን ሰሌዳው ያው ነው። ችግሩ ሰውየው ነው፤ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሁሉም አያስረዳም። አሸንፎ የሚሰናበት ሰው ከሆነ ቪዲዮው ይሻላል።

ሲጠቃለል በሠንጠረዥ

| መንገድ | ሰዓት | ተሸናፊው እርስዎን ይመስላል? | ምክንያት ይነገራል? | የእርስዎ ሥራ | የዳታ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥታ ስርጭት | በጣም አጭር | አልፎ አልፎ | በጥቂቱ | የለም ማለት ይቻላል | ከፍተኛ |
| ከታች የመውጣት ተከታታይ | ይለያያል | አዎ | በሰፊው | ካቆሙት ብዙ | ከፍተኛ |
| ውድድር ከተንታኝ ጋር | ብሊትዝ ወይም ራፒድ | አይመስልም | በመካከለኛ | ትንሽ | ከፍተኛ |
| ጥሬው መዝገብ | የመረጡት | ካጣሩ አዎ | አይነገርም | እጅግ ብዙ | ከምንም የሚቆጠር አይደለም |
| ከሚበልጥ ሰው ጋር | የተስማሙበት | ራስዎ ነዎት | እንደ ሰውየው | ብዙ | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ሬቲንግ ስል የቼስ ዶት ኮምን ነው፤ ሊቼስ አዲስ ተጫዋችን ከ1500 ስለሚያስጀምር በታችኞቹ ደረጃዎች ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ከ1000 በታች ከሆኑ የባርቶሎሚውን ዓይነት ተከታታይ ይዩ፤ ሌላው ይቆይ። ከ1000 እስከ 1700 ላለ ሰው ምክሬ በሳምንት አንድ የናሮዲትስኪ ቪዲዮ እያቆሙ ማየትና ሁለት ጥሬ ጨዋታ በደብተር ነው። ከዚያ በላይ ያለ ሰው መዝገቡን ዋና ያድርግ፣ የራፒድ ውድድሮችን ለመክፈቻ ይጨምር።

ዳታ የሚቆጥብ፣ ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያለ፣ ቅዳሜ አንድ ጊዜ 30 ጨዋታ አውርዶ በወረቀት ያትም። የወሩ የቼዝ ወጪ የወረቀቱ ብቻ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያርፍ፣ ለምሳሌ በዓረብ አገራት በሥራ ላይ ያለ ሰው፣ አንዱን ጨዋታ በሁለት ቀን ከፍሎ በስልክ ሊያየው ይችላል፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ልጁን ማስተማር የፈለገ ወላጅ ቪዲዮ ከፍቶ አይሂድ፤ አጠገቡ ተቀምጦ «አንተ ብትሆን ምን ትጫወት ነበር?» ይበለው። ወላጁ ቼዝ ባይችልም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል።

ገንዘብ መክፈል የሚፈልግ ሰው የመድረክ ደንበኝነት ከመግዛቱ በፊት ያንኑ ገንዘብ ለአንድ ሰዓት አሠልጣኝ ይክፈል፤ ደብተሩንም ይዞ ይሂድ። በባዶ እጁ የሄደ ተማሪ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያሳልፈው ችግሩን በማስረዳት ነው።

ሬቲንጌ ይጨምር አይጨምር ግድ የለኝም፣ መደሰት ነው የምፈልገው የሚል ሰው ደግሞ ናካሙራን ከፍቶ ይሳቅ። ዓርብ ማታ እኔም እዚያው ነኝ።